ሦስት ቁልፍና አንዲት ፊደል

ሃይብሪድ የሚባለው አውቶሞቢል ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ተጋግዘው የሚነዱት መሆኑን ሁላችን ሰምተናል። የነጂው ቁልፎች ግን ለብዙዎቻችን እንደ ቅኔ ናቸው፤ ሰሙን ይዘን ወርቁን እንስታለን።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የቶዮታ ፕሪየስ እንመልከት። «ኢቪ» በባትሪ ብቻ ጥቂት መንገድ በዝግታ ያስኬዳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ወይም ባትሪው ሲደክም ራሱ ይቋረጣል። «ኢኮ» የነዳጅ መርገጫውን ያለዝባል። «ፓወር» ደግሞ፥ ስሙ ነጂውን ቢያኮራውም፥ ለእግር ፈጥኖ ይታዘዛል እንጂ አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ አይጨምርም።

እኛን የሚያሳስበን ማርሹ ላይ ያለችው «ቢ» ናት። ባትሪ መሙያ የሚሏት አሉ፤ አይደለችም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በሌላ ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪኩ ሞተር ኃይሉን ለቅሞ ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ እዚያ ግን ባትሪው ይሞላና ሸክሙ በፍሬን ሸራው ላይ ይበረታል፤ ሸራውም ከመጠን በላይ ከጋለ አልይዝ ይላል። «ቢ» የቤንዚኑን ሞተር ያለ ነዳጅ እያሽከረከረች መኪናውን ትገታለች። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩኽ! ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ነጂው ካላስገባት፥ ከኋላ ወንበር ሆነን እንነግረዋለን፤ ቢቆጣም ይቆጣ።