ፊደል የማያውቀው ፕሪንተር

በወረባቦዋ ቢስቲማም ይሁን በደሴ ወይም በኮምቦልቻ፣ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ፕሪንተር የሚገለገልበት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮቹ በዩኒክስ ወይም የእሱን ፈለግ በተከተለው በሊኑክስ የሚሠሩ ከሆነ፣ መሣሪያውን ከኔትወርኩ ጋር ማገናኘቱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ሲያስቸግር የኖረው የግእዝን ፊደል ሳይዛባ ወረቀት ላይ ማውጣቱ ነው።

ኤልፒዲ በተባለው የቀድሞ ሥርዓት፣ ማለትም የኅትመት ትእዛዞችን ወረፋ አስይዞ በ515ኛው ፖርት በሚያስተላልፈው ፕሮግራም፣ የፕሪንተሩ ስምና አድራሻ «ፕሪንትካፕ» በሚባል ፋይል ውስጥ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ፕሪንተሩ ተራ ጽሑፍ ሲላክለት የሚያትመው ከፋብሪካ ይዟቸው በመጣቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ብቻ በተወሰኑ ቅርጸ ፊደላት ስለሆነ፣ «ሀ» ተብሎ የተላከው ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ግእዝ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ብቅ ያለውና በ631ኛው ፖርት የሚሠራው ካፕስ የተባለው የኅትመት ሥርዓት ዛሬ ሰነዱን በፒዲኤፍ መልክ ከነቅርጸ ፊደሉ ስለሚያስተናግድ፣ ፕሪንተሩ አማርኛ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ይህም ትልቅ እፎይታ ነው።

የፕሪንተሩ አድራሻ ግን ቋሚ መሆን አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ከሰጠው፣ ኮምፒዩተሮቹ ሰነዱን ወደ ቀድሞው አድራሻ መላካቸውን ይቀጥላሉ፤ ወረፋው ይጠራቀማል፣ ባለጉዳዩ «ነገ ተመለስ» ይባላል፣ ጥፋቱም እንደተለመደው በቀለሙ ይሳበባል።