ተኵላ የተባለው የቤት ዘበኛ

ሰው ከጥንት ጀምሮ ቤቱን የሚያጥረው፣ ውሻ የሚያሳድገውና በደጁ ዘበኛ የሚያቆመው ጠላት ከውጭ ይመጣል ብሎ ነው። ሌባም ቢሆን አውሬም ቢሆን አጥሩን ካልጣሰ አይጎዳውምና። ነገር ግን ዘበኛው ራሱ ዐይኑ ተይዞ ቤተ ሰብን ከሌባ መለየት ቢያቅተውና በሌሊት የጌታውን ልጆች ቢወጋ ምን ይደረጋል? አጥሩ አይጠቅምም፤ ጠላት በውስጥ ነውና። ዘበኛውን እንዳያባርሩትም እውነተኛው ሌባ በማግሥቱ ይገባል። ሉፐስ የሚባለው ደዌ በሰው ሥጋ ላይ የሚያመጣው መከራ እንዲህ ያለ ነው።

ስሙ ግን ይህን አይናገርም። ሉፐስ በላቲን ቋንቋ ተኵላ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የኤውሮፓ ሐኪሞች ፊትን እየበላ የሚሄደውን የቆዳ ቍስል ባዩ ጊዜ፣ ተኵላ የነከሰው ስለ መሰላቸው ይህን ስም አወጡለት፤ ልዩ ልዩ የቆዳ ደዌም በዚህ በአንዱ ስም ሲጠራ ኖረ። በ1851 ዓመት (ይህም፣ ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ካዝናቭ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ቀይ ሽፍታ የሚያወጣውን ከሌላው ለይቶ ስም ሰጠው። በ1872 ደግሞ ካፖሲ የተባለ የቪየና ሐኪም ደዌው በቆዳ ላይ ብቻ ሳይቀር ወደ ውስጥ ብልቶች እንደሚዘልቅ ገለጠ። ስለዚህ በቅኔ ቤት አነጋገር የስሙ ሰም ተኵላ ሲሆን ወርቁ ዘበኛ ነው። ሰሙን ብቻ ይዞ የቀረ ሰው ደዌው ከውጭ የመጣ አውሬ፣ ከሰው ወደ ሰውም የሚሻገር ይመስለዋል። ሉፐስ ግን አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላትም፣ አብሮ በመተኛትም፣ በመሳሳምም አይያዝም።

የደዌውን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ በአሜሪካ በጆርጅያ ክፍለ አገር የነበረውን የአንድ ቤት ታሪክ ቢመለከት ብዙ ይማራል። ኤድዋርድ ኦኮነር የሚባሉ ሰው ከሚስታቸው ከሬጂና አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው። በ1925 በሳቫና ከተማ የተወለደችው ይህች ልጅ ፍላነሪ ትባላለች፤ ኋላ በልብ ወለድ ድርሰት በአገሯ ስመ ጥር የሆነችው ናት። አባቷ በሉፐስ ታመሙ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ለዚህ ደዌ የሚሰጡት የረባ መድኃኒት አልነበራቸውምና በ1941 በ45 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ልጃቸውም ገና 15 ዓመቷ ነበረ።

በ1950 የገና በዓል ሰሞን ፍላነሪ የመጀመሪያውን ረዥም ድርሰቷን በመጻፍ ላይ ሳለች፣ ከሰሜን ክፍል ወደ እናቷ ቤት በባቡር ስትጓዝ ክፉኛ ታመመች። ዕድሜዋ 25 ነበረ። በአትላንታ ከተማ የነበሩት ሐኪም ዶክተር ሜሪል ነገሩን መርምረው ሉፐስ መሆኑን ለእናቲቱ አስታወቁ። እናቲቱ ግን ባላቸውን የገደለውን ስም በልጃቸው ጆሮ ለማሰማት አልደፈሩም። ስለዚህ ደዌዋ የመገጣጠሚያ ቍርጥማት ነው ተብሎ ተነገራት፤ እርሷም በዚህ ስም ከአንድ ዓመት በላይ ታከመች። እናቲቱ ይህን ያደረጉት በፍቅር እንጂ በክፋት አይደለም፤ ልጃቸውን ከድንጋጤ ለመጠበቅ ነው። የሚገርመው ግን በዚያው ጊዜ በልጅቱ ሥጋ ውስጥ የነበረው ደዌ ራሱ እንዲሁ ጠብቃለሁ ብሎ የሚጎዳ መሆኑ ነው።

የዚህም ነገር ምሥጢር እንዲህ ነው። በሰው ደም ውስጥ የሚዞሩ ነጭ ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸውም ጥበቃ ነው። ከውጭ የገባ ተሐዋሲ ባገኙ ጊዜ ይውጡታል፣ ወይም ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን መሣሪያ ሠርተው ይወረውሩበታል። ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊኅ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ ሥጋ ራሱን ከመውጋት የሚከለክለው ጠባይ እንዳለው አስተማረ፤ ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ዘበኛው በቤቱ ላይ ሊነሣ እንደሚችል ለመቀበል ዘገዩ። በ1948 ግን በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሃርግሬቭስና ባልንጀሮቹ የሉፐስ ሕሙማንን መቅኔ በማጉያ መነጽር ሲመረምሩ፣ ነጩ ሕዋስ የሌላውን ሕዋስ አስኳል ውጦ ማየታቸውን ጻፉ። ዘበኛው የቤቱን ልጅ በአፉ እንደ ያዘ ተገኘ ማለት ነው።

በሥጋችን ውስጥ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሕዋሳት አርጅተው ይሞታሉ፤ ፍርስራሻቸውም ወዲያው ይጠረጋል። በሉፐስ ሕመምተኛ ዘንድ ግን ይህ ጠረጋ ይዘገያል። በአስኳሉ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው ዲኤንኤ የተባለው የዘር ጽሕፈት ወደ ውጭ ይጋለጣል፤ ዘበኞቹም የተሐዋሲ ጽሕፈት ይመስላቸውና ኢንተርፌሮን የሚባለውን የማንቂያ ደወል ይደውላሉ። ከዚያ በኋላ በገዛ ሥጋቸው አስኳል ላይ ፀረ እንግዳ አካል ያበጃሉ። መሣሪያውና ፍርስራሹም ተጣብቀው በደም ሥር ሲዞሩ፣ በኩላሊት ወንፊት፣ በቆዳና በሌላው ብልት ላይ ያርፋሉ፤ ባረፉበትም ስፍራ እሳት እንደ ነካው ሁሉ ይቈጣል፣ ያብጣል።

ለዚህ ሁሉ መነሻው አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። በውርስ የሚመጣ ዝንባሌ አለ፤ የኦኮነር ቤት የዚህ ምሳሌ ነው። ዝንባሌ ግን ፍርድ አይደለም፤ ከአንድ እንቍላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው ብዙ ጊዜ በጤና ይኖራል። ከ10 ሕሙማን 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ የሚበዙትም የሚታመሙት ልጅ በሚወልዱበት ዕድሜ ነው፤ ሊቃውንትም ይህን ከሴት ሆርሞንና ሴቶች እጥፍ አድርገው ከሚይዙት ኤክስ ከተባለው ክሮሞሶም ጋር ያያይዙታል። በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁሮች ሴቶች ከነጮቹ ይልቅ ይበዙበታል፤ ኩላሊታቸውንም አብልጦ ይጎዳቸዋል። ትምባሆ ማጨስ ደዌውን ያባብሳል፤ እንደ ሃይድራላዚን ያለ የደም ግፊት መድኃኒትም በአንዳንድ ሰው ላይ ሉፐስን የሚመስል ደዌ ያመጣል፤ ይህኛው ግን መድኃኒቱ ሲቆም ይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ደዌውን የሚቀሰቅሰው ፀሐይ ነው። የፀሐይ ጨረር የቆዳን ሕዋሳት ስለሚገድል ያልተጠረገው ፍርስራሽ ይበዛል፤ ዘበኞቹም እንደ ገና ይነሣሉ። ስለዚህ ፀሐይ በነካው ፊት ላይ፣ በሁለቱ ጕንጮችና በአፍንጫ ድልድይ ላይ፣ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ያለ ቀይ ሽፍታ ይወጣል። በኢትዮጵያ ፀሐይ ከመታው በኋላ ፊቱ ሽፍ ያለበት ሰው ምች መታው ይባላል፤ ዳማከሴም ታሽቶ ይቀባል። ብዙው እንዲህ ያለ ሽፍታ በጥቂት ቀን ይጠፋልና ነገሩ ከዚያ አያልፍም። ሽፍታው ግን እየተመላለሰ ቢወጣ፣ ከእርሱም ጋር እንቅልፍ የማይፈውሰው ድካም፣ በማለዳ የሚጸና የጣቶች መገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ቍስል፣ የጠጕር መርገፍ፣ ሲተነፍሱ ደረትን የሚወጋ ሕመም፣ ወይም የእግር ማበጥ ቢታይ፣ ምች ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም። ኩላሊት በሚጎዳበት ጊዜ መጀመሪያ ሕመም አይሰማምና፣ የሽንት ምርመራ ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ ይገባዋል። በደም ምርመራም በአስኳል ላይ የተነሣው ፀረ እንግዳ አካል ይፈለጋል፤ ይህም በሉፐስ ሕሙማን ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል። ነገር ግን በጤነኞችም ዘንድ አንዳንድ ጊዜ ስለሚገኝ፣ ሐኪም በዚህ ብቻ አይፈርድም፤ ምልክቱን ሁሉ አስተባብሮ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ፍላነሪ ታሪክ እንመለስ። በ1952 በጋ ወደ ወዳጆቿ ቤት ሄዳ ሳለች፣ ሳሊ ፊትዝጀራልድ የተባለችው ወዳጇ ምሥጢሩን መሸከም ከብዷት የደዌዋን እውነተኛ ስም ነገረቻት። ፍላነሪም ወሬው መልካም ባይሆንም አመሰገነቻት። ሉፐስ ሳይሆን አይቀርም ብላ በልቧ ትጠረጥር ነበርና፣ የምትጠረጥረውና የሚነገራት ስለ ተለያዩባት አእምሮዋ የተናወጠ እስኪመስላት ድረስ ተጨንቃ ነበረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህ ምሳሌ ደዌውን የሚደብቅ በሽተኛውን ይነቅፋል። በዚህ ቤት ግን ደዌው የተደበቀው ከበሽተኛዋ ነበረ፤ ጭንቀቱም ከዚያኛው አላነሰም።

ፍላነሪ እውነቱን ካወቀች በኋላ ዘመኗን አሰናዳች። ከእናቷ ጋር አንዳሉዝያ በሚባለው እርሻ ተቀምጣ፣ ኀይል በሚኖራት በማለዳው ሰዓት ትጽፍ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ጣዎስ የሚባሉትን ባለ ጌጥ ወፎቿን ትመግባለች። አባቷ ያላገኙት መድኃኒት ለእርሷ ደርሶላት ነበር፤ ይኸውም ከዐሣማ ራስ ውስጥ ካለው እጢ የሚወጣው ኤሲቲኤች የሚባለው ነው፤ የሰውን ሥጋ እየቀሰቀሰ ኮርቲዞል የተባለውን፣ ዘበኞቹን የሚያበርደውን ሆርሞን እንዲያወጣ ያደርገዋል። ይህ ዐይነት መድኃኒት ነፍስን ያድናል፤ ዋጋውን ግን ከአጥንት ይቀበላል። ፍላነሪም ከ1955 ጀምሮ የዳሌዋ አጥንት ስለ ደከመ በሁለት ምርኵዝ ትሄድ ነበር። በ1958 ከእናቷ ጋር ወደ ፈረንሳይ አገር ወደ ሉርድ ሄዳ በዚያ ከታወቀው ውኃ ገባች፤ ስለ አጥንቷ ሳይሆን ስለምትጽፈው መጽሐፍ እንደ ጸለየች ግን ለወዳጇ ጽፋለች። ከሉርድ ስትመለስም ከሐኪሟ አልተለየችም። በ1964 መጀመሪያ ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና በተደረገላት ጊዜ ሉፐሱ ተነሣ፤ ኩላሊቷም ደከመ፤ ነሐሴ 3 ቀን በ39 ዓመቷ ዐረፈች። ከታመመችበት እስከ ዐረፈችበት 13 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው፤ የታወቁትን ድርሰቶቿን አብዛኛዎቹን የጻፈችው በዚህ ዘመን ነበረ።

ዛሬ በዚያ ደዌ የምትያዝ ሴት ከአባትም ከልጅም የተሻለ ዕድል አላት። የሕክምናው መሠረት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው መድኃኒት ነው። ይህ የወባ መድኃኒት የሆነው የክሎሮኪን ዘመድ ነው፤ የሁለቱም ታሪክ ወደ ኪኒን ያደርሳል። በ1894 ፔይን የተባለ የለንደን ሐኪም ኪኒንን ለሉፐስ እንደ ሰጠ ተጽፏል፤ በአማርኛም እንክብል መድኃኒት ሁሉ ኪኒን መባሉ ከዚያው ከወባ መድኃኒት ስም የመጣ ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ዘበኞቹን አይገድልም፤ የማንቂያውን ደወል ድምፅ ያለዝባል እንጂ። ዐይንን ሊጎዳ ስለሚችል ግን በየጊዜው ዐይን መታየት አለበት። ደዌው ሲጸና ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል፤ ይህም የፍላነሪን አጥንት የጎዳው ዐይነት ስለ ሆነ፣ የኤውሮፓ የቍርጥማት ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ባወጣው ምክር፣ ደዌው ከበረደ በኋላ በቀን ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ቀስ በቀስ እንዲቀር አዝዟል። በድንገት መተው ግን አደገኛ ነው፤ ሥጋ የራሱን ሆርሞን መሥራት ረስቶ ይቈያልና። ኩላሊት ሲነካ ማይኮፌኖሌት ወይም ሳይክሎፎስፋማይድ ይሰጣል። በ2011 ቤሊሙማብ፣ በ2021 አኒፍሮሉማብ የተባሉት በአሜሪካ ተፈቀዱ፤ ሁለተኛው ያንኑ የኢንተርፌሮንን ደወል የሚዘጋ ነው። በጀርመን አገር በኤርላንገን ደግሞ ሐኪሞች የሕመምተኞቹን ነጭ ሕዋሳት አውጥተው፣ የተሳሳቱትን ዘበኞች ለይተው እንዲያጠፉ አስተምረው መልሰው ሰጧቸው፤ በ2022 ስለ 5 ሕሙማን በጻፉት መሠረት ደዌው ያለ ሌላ መድኃኒት በርዶላቸዋል። ይህ ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ነው።

በ1950ዎቹ ከሉፐስ ሕሙማን እኩሌታው ያህል 5 ዓመት አይሞላቸውም ነበር፤ ዛሬ ሐኪምና መድኃኒት በሚገኝበት አገር ከ100ው 90 ያህሉ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ። ደዌው ፈጽሞ አይነቀልም፤ ይበርዳል እንጂ። በርዶ 6 ወር ከቈየም በሐኪም ምክር ልጅ መውለድ ይቻላል።

እንግዲህ የንስሐ አባት ቢሆን፣ የቤተ ሰብ አለቃ ቢሆን፣ አንዲት ወጣት ሴት ደከመኝ፣ እጄን አመመኝ፣ ፀሐይ አልስማማ አለችኝ እያለች ብትመጣበት፣ ስንፍና ነው ብሎ አይገሥጻት፤ ወደ ሐኪም ይላካት። የደዌዋ ስም በታወቀ ጊዜ እንዳትደነግጥ ብሎ አይሸሽጋት፤ መድኃኒቱን በየቀኑ የምትውጠው፣ ከፀሐይ የምትከለለው፣ ሽንቷን የምታስመረምረው እርሷ ራሷ ናትና። የማታውቀውን ደዌ በትዕግሥት ልትጠብቀው አትችልም። ተሽላኛለሁ ብላ መድኃኒቱን ለመተው ባሰበችም ጊዜ፣ የበረደው ዘበኛው እንጂ የወጣ ተኵላ እንደሌለ ያስረዳት።