አራት በር፣ አንድ ካርታ

ቡታጅራ፣ ገበያው አጠገብ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ከአብዮቱ በፊት ያሠሩት ቤት አለ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በረንዳው ሰፊ ነው። ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ «የእኔን ድርሻ አንተ ግዛው፤ እኔም የመርካቶ ሥራዬን ላስፋበት» ሲለኝ ዋጋው ደኅና ነበርና ልቤ ቶሎ ተሸነፈ። ደግነቱ የጋዜጠኛ አመል አለብኝ፤ ብሩን ከመቁጠሬ በፊት ወረቀቱን ልይ አልኩ።

ድርሻ ያለኝ ሩቡን ነው። ቤቱ ዛሬ አራት በር አለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተወለት፤ ማከራየትን ግን ከለከለ። አጎቴ ያላቸው ይኸው አንዱ ብቻ ነበርና አልተነኩም። ሆኖም ሰፊ ቤት በዚያን ጊዜ ዓይን ይስብ ነበር። ስለዚህ አንዱን ክፍል ለእኅታቸው፣ ሌላውን ላገባ ልጃቸው እያሉ ሞሉት። የለየው ችፑድ ነው። የአቡጀዲው ኮርኒስ እስከ ዛሬ በአራቱም ላይ ሳይቆረጥ ያልፋል፤ በአንደኛው በር ሕፃን ሲያለቅስ ከአራተኛው በር «እሹሩሩ በሉት እንጂ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። የመብራት ቆጣሪውም አንድ ነው፤ በየወሩ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ።

አጎቴ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው በሽማግሌ ፊት፣ በእጅ በተጻፈ ወረቀት ተካፈሉ። ያንን ወረቀት ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ያነጋገረችኝ ወጣት ባለሙያ ትሑት ነበረች። ማኅደሩን አውጥታ ገለጠችው፦ አንድ ይዞታ፣ አንድ ስም፣ አገልግሎቱ መኖሪያ።

«አራቱ ቤቶች የት አሉ?» አልኳት።

«እኛ ዘንድ የሉም» አለች።

ሕጎቹን ከዚያ በኋላ አነበብኩ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሚሠራው 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ነው፤ ቡታጅራም ወልቂጤም ይህን ካለፉ ቆይተዋል። ቤት ለማሻሻልም ሆነ አገልግሎቱን ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእኛ ችፑድ ከአዋጁ በፊት የቆመ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ክርክሩ ግን ባለቤት አያደርገኝም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደግሞ የጋራ ሕንፃ የሚለው በተናጠል ባለቤት የተያዙ አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶች ያሉትን ነው። እኛ አራት ነን። አጎቴ አንድ በር ቢጨምሩ ምን ነበረበት! ሽያጩም ቢሆን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መደረግ አለበት፤ አዋዋዩ ደግሞ አስቀድሞ የሚጠይቀው ካርታውን ነው።

ልጅቱ አንድ ቅጽ ሰጠችኝ። «ማስተካከል ከፈለጋችሁ ባለመብቶቹ ሁሉ ፈርማችሁ አመልክቱ፤ ቀያሽ ይወጣል» አለችኝ።

እዚህ ላይ እጄ ተያዘ። ቀያሽ ከወጣ የሚያየው ችፑዱን ብቻ አይደለም። ከጓሮ በኩል ከይዞታው ወሰን ወጣ ያለችውን የእትዬን ማድቤትም ያያል። እትዬ ያቺ ክፍል የተሰጠቻቸው የአጎቴ እኅት ናቸው። በደርግ ጊዜ ገብተው ያረጁት እዚያው ነው። ስማቸው በማኅደሩ የለም፤ በሽማግሌዎቹ ወረቀትም የለም። ልጆቹ ሲካፈሉ ክፍሏ ለአንዱ ደረሰች፤ እርሱ ማን ነው ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ደንግጬ ወረቀቱን ደግሜ ገለጥኩት። ልገዛት የነበረችው የእርሳቸው ክፍል ናት።

እትዬ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ።

«ምን አሉህ?»

«አንድ ቤት ነው አሉ።»

«ታዲያ አንድ ቤት አይደል?» አሉ ተገርመው።

በረንዳው ላይ ወጥቼ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። የእትዬ ጉዳይ በጽሑፍ ካልገባ አንድ ብር አልከፍልም አልኩት። «ለመስቀል ስንገባ እናወራለን» ብሎ ዘጋው። ቅጹ ሳይሞላ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ።

እትዬ እስከ በሩ ሸኙኝ። መዳፋቸውን የተላጠው ጭቃ ላይ አሳርፈው፣ «ግድግዳውን ለመስቀል ላስመርገው ነበር፤ ወይስ ለእርሱም ማመልከቻ አለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።