ከፈተና በፊት ስላለችው ሌሊት

«በሠርግ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ» እንዲሉ፥ ሥራን ለመጨረሻው ሰዓት ማቈየት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚነቀፍ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ለመጨረሻው ሰዓት የሚደርሰው ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ድኽነትም፥ ሕመምም፥ የእርሻ ሥራም ያደርሰዋል። ስለዚህ ዛሬ ለተወደዳችሁ ወላጆችና ተማሪዎች የምጽፈው ለነቀፋ ሳይሆን፥ ጥቂት ቀን ብቻ የቀረው ልጅ በዚያች ጊዜ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከባሕር ዳር ተነሥቼ ቆጋ ወደሚኖረው ወንድሜ ቤት ሄድሁ። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ለማጠጣት የተሠራ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር የገበሬን ልጅ በክረምት በቆሎው፥ በበጋ ደግሞ ሽንኩርቱና ድንቹ ይጠብቀዋል እንጂ ዕረፍት የለውም። የወንድሜንም ልጅ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዐሥር ቀን ሲቀረው ደብተሮቿን ታቅፋ አገኘኋት። «ጋሼ፥ ሁሉንም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለችኝ። እኔም ደብተሩን ተቀብዬ ዘጋሁትና «ከሳንባ የጠራው ደም ወደ የትኛው የልብ ክፍል ይመለሳል?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ጥቂት ቈይታም «ገጹ ይታየኛል፤ ቃሉ ግን አይመጣልኝም» አለችና እንባዋ መጣ።

ያን እንባ ዐውቀዋለሁ። እኔም በ1991 ዓ.ም. ለዚሁ ክፍል ፈተና ስቀርብ፥ የመጨረሻዋን ሌሊት በኵራዝ ብርሃን ሳነብ ነጋብኝ። ጧት በፈተናው ወረቀት ላይ ፊደሉ ይርመሰመስብኝ ጀመር፤ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ እያነበብሁ ትርጕሙ ይጠፋኝ ነበር። በዚያ ዓመት ወደቅሁ፤ ያለፍሁት በሚቀጥለው ዓመት በግል ተፈትኜ ነው። የሚያሳፍረኝ መውደቄ አይደለም፤ የተሻለውን መንገድ ከልጅነቴ እያወቅሁት መተዌ ነው እንጂ።

ለዲቁና በምማርበት ጊዜ የቃል ትምህርት የሚሰጠን ሲመሽ ነበር። መጽሐፍም መብራትም በፊታችን የለም። ውዳሴ ማርያምን ከየኔታ አፍ ተቀብለን፥ ለብቻችን ደጋግመን፥ በማግሥቱ በቃላችን እንመልሳለን። የጠፋን ቃል ሲኖር የኔታ ያቀኑልናል፤ እንደ ገናም እንላለን። ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ግን፥ መጽሐፍ ካለ ማንበብ ይበቃል ብዬ ያን ልማድ ናቅሁት።

መምህር ከሆንሁ በኋላ እንደ ተረዳሁት፥ ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ባሳተመው ምርመራ፥ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ፈጥኖ እንደሚረሳ አሳይቷል። በ2006ም ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፥ ሌላውን ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከዐምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን አብልጠው አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ፥ ከቃላቸው ከጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ። የኔታ ይህን ጥናት ሳያዩ ሥራውን ይሠሩበት ነበር።

ስለዚህ ልጂቱን እንዲህ አልኋት፤ «አዲስ ምዕራፍ አትጀምሪ፤ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች አምጪ። ደብተሩን ዘግተሽ መልሱን በራስሽ ቃል ጻፊ። ምክንያቱንም ጨምሪበት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ቃል ጥያቄው ሲለወጥ ይጠፋልና። ከዚያ ደብተሩን ገልጠሽ የጐደለሽን ብቻ አንብቢ። ያንኑ ማታ ድገሚው፤ በማግሥቱም ሳታዪ ሞክሪው። የመጨረሻዋን ሌሊት ግን መግቢያ ወረቀትሽንና እርሳስሽን አዘጋጅተሽ ተኚ።» እንቅልፍ ቀን የተማርነው በአእምሮ የሚጸናበት ጊዜ ነው እንጂ የሚባክን ጊዜ አይደለምና።

ወንድሜ ከደጅ ተቀምጦ ይሰማ ኖሮ፥ «ውኃውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ብንለቅቀው መደቡን ጠርጎ ይሄዳል፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም?» አለ። «እንዲሁ ነው፤ እንግዲያውስ ልጂቱን ከውኃና ከማገዶ አሳርፏት» አልሁት። እናቲቱ ዝም አለች፤ ሸክሙ ወደ እርሷ እንደሚዞር ዐውቃለችና። በማግሥቱ ጧት ግን ጀሪካኑን በአህያ ጭኖ ወደ ውኃ የወረደው ወንድሜ ራሱ ነበር።

በጥቅምት ወር ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፥ ስልክ ይዞ መግባት የተከለከለ ነበርና ድምፅዋን ሳንሰማ ሰነበትን። ውጤቱ ሲነገር ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ፥ ይኸውም 3.3 ከመቶ ሆኑ። የእኛ ልጅ ከእነርሱ መካከል አልነበረችም። በቃሏ እያለች ያጠናችው ባዮሎጂ ከሁሉ በልጦላት ነበር፤ የዓመታት ልምምድ የሚጠይቀውን ሒሳብ ግን ዐሥር ቀን ሊሞላላት አልቻለም። ቢሆንም በዚያው ዓመት በተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ለመግባት በቃች። ከዚያም ደውላ «ጋሼ፥ አሁን ማታ ማታ ደብተሬን ዘግቼ ለጓደኛዬ እነግራታለሁ» አለችኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ያ ዐሥር ቀን በከንቱ እንዳልሄደ ዐወቅሁ።

የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፤ የፈተናው ወራት እስኪደርስ አትጠብቁ። ከራት በኋላ ልጃችሁን «ዛሬ የተማርኸውን ደብተርህን ዘግተህ ንገረኝ» በሉት። ፊደል ያልቈጠረ ወላጅ እንኳ ልጁ የቱ ላይ እንደ ተሰናከለ ከአፉ ሰምቶ ያውቃል። የፈተናውም ዋዜማ ሲደርስ ራቱን አብሉት፤ በጊዜም አስተኙት።