ከሞላሌ የሚታየው አቧራ

መንዝ፣ ሞላሌ ላይ በጥቅምትና በኅዳር፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ብርዱን ችሎ ደጅ ለወጣ ሰው ፍኖተ ሐሊብን መሃል ለመሃል የሰነጠቀ ጥቁር መስመር ይታየዋል። ባዶ ቦታ እንዳይመስላችሁ፤ ከኋላው ያሉትን ከዋክብት የጋረደ አቧራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ስንቱን ፊዚሲስት ጉድ የሠራው የዚሁ አቧራ ዘመድ ነው።

ታሪኩ ግን ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል። ፊዚሲስቱ አለን ጉዝ በ1981 ያሳተመው ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ፣ ጠፈር ከመጠን በላይ ተለጠጠ። ኢንፍሌሽን ይሉታል። የገበያውን አላልኩም፣ እሱንስ ማን ያስተምረናል!

የለጠጠውስ ምንድን ነው? ስትሪንግ ቲዎሪ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ከምናውቃቸው ሦስት የቦታ አቅጣጫዎች ሌላ ስድስት የተጠቀለሉ አሉ ይላል። የመንዝ ባና ከሩቅ ሲያዩት ልሙጥ ነው፤ ሲዳስሱት ግን ፈትሉ ሁሉ የየራሱ ጥምዝ አለው። ጠፈሩን የገፋው ኃይል ከእነዚያ ጥቅልሎች የመጣ ሊሆን ይችላል ነው ነገሩ። ችግሩ፣ የአጠቃለሉ ዓይነት ብዛት ሲገመት ከ1 ኋላ 500 ዜሮ ይደረደራል። ይህን ያህል አማራጭ የያዘ ሐሳብ ምን ቢለካ መልስ አያጣም። ይህ አይጥመኝም።

ፊዚሲስቶቹ ማክአሊስተር፣ ሲልቨርስታይንና ዌስትፋል ግን በ2008 ከስትሪንግ ቲዎሪ ተነሥተው፣ ደፍረው ቁጥር ሰጡ። ከዚያ መለጠጥ የተረፈው የስበት ሞገድ፣ ቁስ ከተዛነፈበት መጠን ጋር ሲነጻጸር፣ 0.07 ገደማ ይሆናል አሉ። በመጋቢት 2014 ደቡብ ዋልታ ላይ የነበረው የባይሴፕ2 ቴሌስኮፕ ቡድን 0.2 አገኘሁ ብሎ አወጀ። ዓለም ጨፈረ። በዓመቱ ከፕላንክ ሳተላይት መረጃ ጋር ሲተያይ ምልክቱን የፈጠረው በአብዛኛው የራሳችን ጋላክሲ አቧራ መሆኑ ታወቀ። አቧራው ተለይቶ ልኬቱ ሲጠራ፣ በ2021 ጣሪያው 0.036 ሆነ። የ0.07ቱ ሞዴል ወደቀ።

ከዚህ ጣሪያ በታች ከቆሙት ሞዴሎች አንዱ ፊዚሲስቱ ስታሮቢንስኪ በ1980 ያቀረበው ነው፤ ግምቱ 0.003 አካባቢ። እሱ ስትሪንግ አይጠራም፤ የአንስታይንን የስበት ቀመር ራሱን ያሻሽላል። እንዲህ የተሻሻሉ የስበት ቀመሮችን ሲያጠኑ ከቆዩት መካከል በደቡብ አፍሪካ ኖርዝ ዌስት ዩኒቨርሲቲ ያለው ኢትዮጵያዊው አማረ አበበ ይገኝበታል።

ከሁሉም ግን የማከብረው ያንን የወደቀውን ነው፤ ሊሳሳት የሚችልበትን ቦታ አስቀድሞ ነግሮናልና። መንዝ ላይ ፊዚክስ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ስለ ጠፈር አጀማመር ስትነግሩ 0.07ን አትዝለሉት።