የጄኖቪዝ ሞክሼዎች

ኒውዮርክና ሎንግ አይላንድ ላደገ ሰው ጄኖቪዝ ማለት መድኃኒት ቤት ነበር። ጆሴፍ ጄኖቪዝ እ.ኤ.አ. በ1924 ኩዊንስ፣ አስቶሪያ ሰፈር የከፈተው ሱቅ ቅርንጫፉ እየበዛ ከ100 በላይ ደረሰ። የታዘዘለትን መድኃኒት ሊወስድ የገባ ሰው ሻምፑና የልደት ካርድ ጨምሮ የሚወጣበት ዓይነት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ባለቤቶቹ ለትልቁ የችርቻሮ ድርጅት ለጄሲ ፔኒ ለመሸጥ ተስማሙ፤ ከዚያ የገዢው የመድኃኒት ቤቶች ስም፣ ኤከርድ፣ ተለጠፈበት፤ የጄኖቪዝ ስምም ከየመንገዱ ጠፋ።

በዚያው ከተማ ስሙን የያዙ ሌሎችም ነበሩ። ቪቶ ጄኖቪዝ የማፊያ አለቃ ነበር፤ እሱ እስር ቤት ሞቶ እንኳ ቡድኑ በስሙ ይጠራል። ስለሱ ብዙ ተብሏል፣ ልለፈው።

እኔን የምታንገበግበኝ ኪቲ ጄኖቪዝ ናት። የ28 ዓመት ወጣት፣ የመጠጥ ቤት ሥራ አስኪያጅ። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1964፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አለፍ ብሎ፣ ከሥራ ስትመለስ እዚያው ኩዊንስ ውስጥ ቤቷ አጠገብ በስለት ተገደለች። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ኒውዮርክ ታይምስ 38 ጎረቤቶች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ። ወሬው ዓለምን ዞረ፣ የሥነ ልቦና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገባ። ስሟም የጎረቤት ጭካኔ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

እኛ ዘንድ ሞክሼ ሲገጥመን ደስ ይለናል፤ የአባት ስምም ከአንድ ትውልድ ብዙ አያልፍም። አሜሪካ የገባው ወገናችን ግን ፎርም ሲሞላ የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፣ ልጆቹም ይዘውት ያድጋሉ። እንዲህ የሚወረስ ስም ላይ ሌላ ሰው የጻፈው ነገር ሲለጠፍበት፣ የሚሸከሙት ገና ያልተወለዱትም ናቸው።

የኪቲ ታሪክ ደግሞ እንደተጻፈው አልነበረም። አብዛኞቹ ጎረቤቶች ጩኸት ሰሙ እንጂ ግድያውን አላዩም። አንዱ ከመስኮቱ ጮኾበት ገዳዩ ለጊዜው ሸሽቷል። ሶፊያ ፋራር የምትባል ጎረቤቷ ገዳዩ ይኑር ይሂድ ሳታውቅ ደረጃውን ወርዳ ደረሰችላት። ኪቲን አቅፋ፣ እርዳታ እየመጣ ነው እያለች አጽናናቻት። ጋዜጣው የሶፊያን ነገር አልጻፈም።

የኪቲ ወንድም ቢል የ38ቱን ወሬ አምኖ አደገ። ዝም ብሎ ከሚያይ ወገን መሆን አልፈልግም ብሎ ቬትናም ዘመተ፣ ሁለት እግሮቹን አጥቶ ተመለሰ። ከብዙ ዓመታት በኋላ እውነቱን ሊያጣራ ተነሣ፤ ፍለጋው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ተቀርጿል። እህቱ በወዳጅ እቅፍ ውስጥ መሞቷን ያኔውኑ ቢያውቁ ኖሮ ለቤተሰቡ ትልቅ መጽናኛ ይሆን እንደነበር ተናግሯል።