ሞንታርቦና ምጣድ

ጥር በላስታም የሠርግ ወር ነው። ማሲንቆው ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ዛሬ ዛሬ ከድንኳኑ ደጃፍ ሞንታርቦ ካልቆመ ሠርጉ የደመቀ አይመስለንም። (ሞንታርቦ የአንድ ጣሊያን አምራች ስም ነው፤ እኛ ግን ትልቅ ድምፅ ማጉያን ሁሉ ሞንታርቦ ብለን አርፈናል።) ላሊበላ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጦርነቱ ሳቢያ ለብዙ ወራት ያለ መብራት የቆየች ከተማ ናት። ያን ጨለማ ያየ ሰው መብራት ሲያገኝ ጮክ አድርጎ ቢጨፍር አልፈርድበትም።

የምፈርደው ሒሳቡ ላይ ነው።

እዚያው ከተማ የአክስቴን ልጅ ስንድር፣ ዕቃውን ያመጣውን ወጣት “ቤቱ የስንት አምፔር እንደሆነ አይተሃል?” አልኩት።

“አያስቡ ጋሼ፣ ሦስት ሺህ ዋት ነው!”

እኔ ስለ ቤቱ ስጠይቅ እሱ ስለ ዕቃው መለሰልኝ። ደግሞም ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚወጣ ጉልበት ነው። ዕቃው ከመስመሩ የሚስበውን ማወቅ የፈለገ ከጀርባው፣ ገመዱ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ማየት አለበት። ቤቱም የራሱ ልክ አለው። በ220 ቮልት፣ 10 አምፔር ማለት 2,200 ዋት ነው፤ 16 አምፔር ደግሞ 3,520። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ በላይ ይስባል። ምጣድና ሞንታርቦ አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን እንግዲህ አስቡት።

ሆነም። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ባልቦላው ወረደ። ድንኳኑ ጨለመ፤ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው እልልታ ብቻ ቀረ። መልሰው አነሡት፤ እንደገና ወረደ። ይሄኔ አንዱ የመዳብ ክር ይዞ “ዳይሬክት እናርገው በቃ!” አለ። አክስቴ ከጓዳ “ምጣዴን የሚነካ ወዮለት! እንጀራው ይቅደም!” ትላለች።

ብዙ ሰው ባልቦላ ዕቃውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። እሱን ካለፉት ቀጭኑ ሽቦ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ይግላል፤ የሚግለውም ማንም በማያየው፣ እንጨትና ጭድ ባለበት የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ነው። ከዚያ ግድግዳ ማዶ ደግሞ ቆጣሪ የሚጋሩ ሁለት ተከራይ ቤተሰቦች ከነሕፃናቱ ተኝተዋል። (ሞንታርቦ ባለበት መንደር ማን ይተኛል እንጂ!) ክሩን ከልጁ እጅ ተቀበልኩት።

ከብዙ ልመና በኋላ አክስቴ ምጣዱን አጠፋች፤ የቀረው ሊጥ በማገዶ ተጋገረ። ድምፁም ዝቅ አለ። ማንም አላማረረም፤ ዋቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ የሚቀንሰው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ እስክስታ ላይ ያለ ሰው ልብ አይለውም። ማራዘሚያውን ግን እኔው ከጥቅሉ ፈትቼ ዘረጋሁት። ብዙ ኃይል የሚያሳልፍ ገመድ እንደተጠቀለለ ከቆየ ሙቀቱን የሚያወጣበት አጥቶ ሊቀልጥ ይችላል።

አሁን ሠርግ ያለበት ዘመድ ሲደውልልኝ ከሙሽራዋ ስም በፊት የምጠይቀው ምጣዱ በየትኛው መስመር እንደሆነ ነው። ይስቁብኛል።